ከሰል፣ ባለ ሽቦ ስቶቭ ወይስ ኢንዳክሽን? ለጅማ ማድ ቤት የሚያዋጣው

ጅማ ውስጥ ዝናቡ ሲበረታ ከሰል ሁለት ጊዜ ያስከፍላል፤ አንዴ ዋጋው ስለሚንር፣ አንዴ ደግሞ ርሶ ስለሚመጣ። እርጥብ ከሰል እስኪያያዝ ያለው ማራገብና ጭስ ሌላ ጣጣ ነው። ከማዳበሪያው ሥር የሚወጣው ድቃቂማ ሳይነድ የሚደፋ ገንዘብ ነው። በጅማው መርካቶ ባሉት የዕቃ ሱቆች ደጃፍ ከማንደጃው ጎን ባለ ሽቦ ስቶቭና ኢንዳክሽን የሚባለው ጠፍጣፋ የኤሌክትሪክ ምድጃ ተደርድሮ ማየት የተለመደው ያለ ምክንያት አይደለም። ገዢው ግን አብዛኛውን ጊዜ «ስንት ነው?» ብሎ ነው የሚጀምረው። ከዋጋው በፊት ሦስት ነገር ቢታይ ይሻላል ባይ ነኝ፦ የቤታችሁ ገመድ ምን ያህል ይሸከማል፣ ቆጣሪው የማን ነው፣ ድስታችሁስ ከምን ተሠራ?

መጀመሪያ ሒሳቡ

አንድ ኪሎ ከሰል 8 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይዟል። ብዙ ነው። ተራው የቆርቆሮ ማንደጃ ግን ከዚህ ውስጥ ለድስቱ የሚያደርሰው አምስተኛውን እንኳ አይሞላም፤ የቀረው በጎንና በሥር አምልጦ ማድ ቤቱን ያሞቃል። ስለዚህ ከኪሎው ወጡ የሚያገኘው 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ኢንዳክሽን ከሚወስደው ኃይል 85 በመቶ ያህሉን፣ ባለ ሽቦ ስቶቭ ደግሞ 70 በመቶ ያህሉን ለድስቱ ይሰጣሉ። በአጭሩ አንድ ኪሎ ከሰል የሚሠራውን ሥራ በ2 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ መብራት ይሠሩታል ማለት ነው።

እንግዲህ የኪሎ ከሰል ዋጋን ከ2 ኪሎዋት ሰዓት ክፍያ ጋር አስተያዩት። ከሰሉን በማዳበሪያ የምትገዙ ከሆነ አንዴ አስመዝኑት፤ በማዳበሪያ የተገዛ ነገር በኪሎ ሲሰላ ያስደነግጣል። ዛሬ ባለው ዋጋ መብራቱ በሰፊው ይረክሳል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ከመስከረም 2017 ጀምሮ የመብራት ታሪፍ በየጊዜው ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው፤ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥርም የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ ይላል። ልዩነቱ ይጠባል እንጂ አይገለበጥም ብዬ ነው የማስበው፤ ከሰልስ መቼ ረክሶ ያውቃል?

ስለ ደኑ ለሚጨነቅ ደግሞ፣ በባህላዊ መንገድ አፈር ለብሶ ከሚከስል እንጨት አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ቢያንስ 5 ኪሎ እንጨት ይፈጃል። መብራቱ ከሞላ ጎደል ከውኃ ነው የሚመጣው። ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ የምታልፉት ግልገል ጊቤ አንድ ግድብ ብቻውን 184 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው።

ኢንዳክሽን እና ባለ ሽቦ፦ እውነተኛው ምርጫ እዚህ ነው

አንድ ሱቅ ውስጥ ያየሁትን ላንሳ። ባለ ሱቁ ወጣት ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት በክር አንጠልጥሎ ይዟል። አንዲት እናት ኢንዳክሽን ሊገዙ ሲሉ «አዴ፣ መጀመሪያ ድስትዎን ያምጡልኝ» ብሎ መለሳቸው። ይዘው መጡ። የአሉሚኒየሙን ብረት ድስት ነካው፤ ማግኔቱ ተንሸራቶ ወደቀ። የሽሮዋን ሸክላም እንዲሁ። የቡና መቁያውን ምጣድ ሲነካው ግን ጥብቅ አለ። ሴትዮዋ ሳቁና «ታዲያ ቡናዬን እዚህ ቆልቼ ጀበናዬን የት ልጣድ?» አሉ።

ነገሩ ይኸው ነው። ኢንዳክሽን በራሱ አይግልም፤ በማግኔት ኃይል የድስቱን ቂጥ ነው የሚያግለው። ማግኔት የማይዘው ድስት ለእሱ የለም ማለት ነው። ስለዚህ የኢንዳክሽን ዋጋ የመሣሪያው ብቻ ሳይሆን የሁለት ሦስት አዲስ ድስትም ዋጋ ነው። ይህን ደምራችሁ ከባለ ሽቦው ጋር አወዳድሩ። ባለ ሽቦው ያላችሁን ሁሉ ይቀበላል፤ ጀበናም ቢሆን በቀስታ ይጣድበታል፣ ምንም እንኳ ሸክላን በአንድ ጊዜ በኃይል ማሞቅ ለመሰንጠቅ ቢያጋልጠውም።

በፍጥነት ግን አይገናኙም። ሁለት ሊትር ውኃ በ2,000 ዋት ኢንዳክሽን ስድስት ሰባት ደቂቃ ይበቃዋል። ባለ 1,500 ዋት ስቶቭ፣ ሽቦው እስኪግል ድረስ ያለውን ጨምሮ፣ ከአሥር ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ቁርስ አድርሶ ልጅ ትምህርት ቤት ለሚልክ ሰው ይህች ልዩነት ቀላል አይደለችም።

ብልሽት ላይ ሚዛኑ ይገለበጣል። ባለ ሽቦው ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ ሽቦው ነው የሚበጠሰው፤ ሰፈር ያለ ጠጋኝ በርካሽ ቀይሮ ይመልስላችኋል። ኢንዳክሽኑ ውስጥ ቦርድ አለ፤ ቦርዱ ከተቃጠለ ጥገናው ከግዢው ብዙም ላይርቅ ይችላል። መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ የሚቃጠለውም እሱ ነው። መብራት ሲሄድ ወዲያው ከሶኬቱ መንቀል፣ ተመልሶ ሲረጋ መሰካት። የመብራቱ ኃይል ሲደክም ደግሞ ባለ ሽቦው ቀላ ብሎ ይንቀራፈፋል እንጂ ይሠራል፤ ኢንዳክሽን ግን ጩኸት አሰምቶ ራሱን ያጠፋል። ማታ ማታ አምፖል ጭልጭል የሚልበት ሰፈር ከሆናችሁ ይህን ሳታስቡ አትግዙ።

(በረሮም አለ። ከሥር ያለው ማራገቢያ የሚተነፍስበት ቀዳዳ ሞቃት ነው፣ በረሮም ሞቃት ቦታ ትወዳለች። በየጊዜው ገልብጦ ማጽዳት ነው።)

የጅማ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ያልፋል፤ ውኃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ቦሎቄና ሽምብራ አልበስል ብሎ የሚያስመርረው በከፊል ለዚህ ነው። ስለዚህ ኢንዳክሽን ከገዛችሁ ከሁሉ በፊት የምትጨምሩት ዕቃ ቂጡ ማግኔት የሚይዝ ፕሬዠር (በእንፋሎት ግፊት የሚያበስል ድስት) ይሁን። በፍጥነቱ የምትቆጥቡትን በሁለት ሰዓት ንፍሮ መልሳችሁ አታጡትም።

እንጀራውስ?

የኤሌክትሪክ ምጣድ ሌላ ዓለም ነው። 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ አንድ ሰዓት ከጋገራችሁበት 3.5 ኪሎዋት ሰዓት፣ በገመዱ ውስጥ ደግሞ 16 አምፔር ያለማቋረጥ። ለአምፖል በተዘረጋ ቀጭን ገመድ ላይ መሰካት እሳት መጥራት ነው። ከብሬከሩ ለብቻው የሚመጣ ባለ 4 ካሬ ገመድ አስዘርጉ። ይህን ማድረግ ካልተቻለ ምጣዱ ይቅር፤ በረንዳ ወይም ጓሮ ያለው ሰው ከሲሚንቶ የሚሠራውን፣ «ምርጥ» የተባለውን የእንጨት ምድጃ ቢተክል ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቀንስለታል። የቡና ማሳ ያለው ሰው ከጉንደላ የሚያገኘው እንጨት ደግሞ በነጻ ነው። ለሁለት ለሦስት ሰው ቤትማ እንጀራ መግዛቱ ያዋጣል፤ ምጣድ የሚረክሰው በአንዴ ብዙ ሲጋገርበት ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራዎች አጥፍታችሁ በቀረው ሙቀት ጋግሩ።

ከሰል ይጣል ወይ?

አይጣል። መብራት ሲጠፋም ቡና ሲፈላም ይፈለጋል፤ ጅማ ተቀምጦ ጀበና ያለ ፍም የሚያስብም የለም። ግን ተራውን ማንደጃ «ላቀች» በሚባለው ማንደጃ ቀይሩት። ውስጡ ሸክላ ስለለበሰ ሙቀቱን ይይዛል፤ ከተራው ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል፣ የዋጋ ልዩነቱንም ቶሎ ይመልሳል። ሲገዙ ሸክላውን በጣት ኳ ኳ አድርጉት፤ የታፈነ ድምፅ ካሰማ ተሰንጥቋል።

ከቡና ገለፈት የሚሠራው ብሪኬት (ተጨምቆ የተሠራ ከሰል) ለዚህ አገር የተፈጠረ ነዳጅ ነው፤ ገለፈቱ በየመፈልፈያው ተከምሮ ይበሰብሳል እኮ። ከመግዛታችሁ በፊት ግን አንዷን ሰብራችሁ እዩ፤ መሐሏ ቡናማ ከሆነ በደንብ አልከሰለም፣ ይጨሳል።

የከሰል ትልቁ ዋጋ ግን በገንዘብ አይሰላም። በክረምት ብርድ ማንደጃ ይዞ በር ዘግቶ መተኛት ሰው ይገድላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ በር ከፍቶ መውጣት ነው። ፍሙ አመድ ለብሷል ብሎ መተማመን የለም።

ቡታ ጋዝን ሳላነሳ ያለፍኩት ረስቼው አይደለም፤ ሲሊንደሩ ባለቀ ቁጥር የት እንደምታስሞሉት እርግጠኛ ካልሆናችሁ አትጀምሩት።

ለተከራይ

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የራሱ ቆጣሪ ላለው ሰው ነው። አንድ ቆጣሪ ለአምስት ቤት በሚካፈልበት ግቢ «ስቶቭ ክልክል ነው» የሚባለው አከራዩ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሒሳቡ በነፍስ ወከፍ ስለሚካፈል ነው። ከአከራዩ ጋር ሲነጋገሩ «ጌታዬ፣ በራሴ ወጪ የውስጥ ቆጣሪ ላስገባና የተጠቀምኩትን ልክፈል» ማለት ከልመና ይልቅ ያስኬዳል። ካልተስማሙ ላቀች ላይ ቆዩ። ከተስማሙ ግን ባለ አንድ ዓይን ኢንዳክሽን ግዙ እንጂ ባለ ሁለት አይሁን፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሠሩ የግቢው ብሬከር ይወርዳል፣ ጎረቤትም ይቀየማል።

ሱቁ ውስጥ ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት ይሰካላችሁ። ውኃ ያለበት የራሳችሁ ድስት ይጣድና እስኪፈላ ጠብቁ፤ ማራገቢያው ይዞራል? ቁልፎቹ በእርጥብ ጣት ይሠራሉ? ከካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ትልቅ ቁጥር ተዉትና ከዕቃው ሥር የተለጠፈውን ዋት አንብቡ። ዋስትና አለው ካሏችሁ ቀኑ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ።