በሐዋሳ አንድ የቤተሰብ ችሎት አገልግሎት፦ የታዘብኩት

ባለፈው ዓመት ጎረቤቴን አጅቤ ሐዋሳ ከተማ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ ፍርድ ቤት ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ክርክሩ የሰባት ዓመት ልጇ ከእሷ ጋር ይኑር ወይስ ከአባቱ እናት ጋር የሚል ሲሆን፣ ጉዳዩ የሚታየው በዝግ ቢሆንም ዳኛዋ ፈቅደውልኝ ከኋላ ተቀምጬ ተከታትያለሁ።

እናትየዋ ሁለት ቀጠሮ መቅረቷ በመዝገቡ ሰፍሯል፤ የአባትየው ወገንም ይህንኑ ለልጇ ግድ እንደሌላት ማሳያ አድርጎ አቀረበው። ዳኛዋ ወደ ትእዛዝ ከመሄዳቸው በፊት ብዕራቸውን አስቀምጠው «ምን አጋጥሞዎት ቀሩ?» ሲሉ ጠየቋት። ኑሮዋ በሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ መሸጥ ነው፤ ጀልባዎቹ የሚገቡት በማለዳ፣ ቀጠሮው ደግሞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነበር። ተከታዩ ቀጠሮ ከቀኑ 9 ሰዓት እንዲሆን ታዘዘ፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልቀረችም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 የሕፃናት ጥቅም በቀደምትነት እንዲታሰብ ከማዘዙም በላይ ሕፃን ወላጆቹን የማወቅና የእነሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ወላጅ ችሎት ፊት አፉ ከተያዘ ግን ዳኛው ስለ ልጁ የሚያውቀው ጠበቃ የጻፈውን ብቻ ነው። እኒህ ዳኛ አባትንም እናትንም «ልጁ ሌሊት ሲያመው ማንን ይጠራል?» ብለው ጠየቁ። አባትየው ትንሽ ዝም ብሎ «እሷን» አለ። ጊዜያዊው ትእዛዝ ከተነበበ በኋላም «እስቲ የተረዱትን በራስዎ ቃል ይንገሩኝ» አሏት፤ ልጁ የሚጠየቅበትን ቀን አሳስታ ስለነበር እዚያው ታረመ። ይህ የፈጀው ምናልባት አምስት ደቂቃ ነው፤ አንድ ተጨማሪ አቤቱታ ሳያስቀር አይቀርም።

ከችሎቱ በር ውጭ ያለው መስተንግዶ ግን የዚህን ግማሽ እንኳ አይሆንም። ልጁ ተኳርፈው በተቀመጡት ሁለት ወገኖች መካከል አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ ቆይቷል፤ ለሕፃናት የተለየ ማረፊያ አላየሁም። የትእዛዙን ግልባጭ ለማግኘትም ዘጠኝ ቀን ፈጅቶብናል፤ ማንበብ ለማትችል እናት ደግሞ መዝገብ ቤቱ ወረቀቱን በመስኮት አቀብሎ ዝም አለ። እኔ ነኝ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ያነበብኩላት።

ለዳኛዋ ከአምስት አምስት እሰጣለሁ፣ ለመዝገብ ቤቱ ሁለት። ጉዳይ ያላችሁ ወላጆች፣ ሰዓቱ ከሥራችሁ ጋር የሚጋጭ ከሆነ ሳትቀሩ በፊት በችሎት ተናገሩ።