ባሕር ዳር ያለው የውጭ ትምህርት አማካሪ ቢሮ፦ ለሯጭ ልጆች ይሆናል?

ደብረ ማርቆስ ሯጮች አሠለጥናለሁ፤ ከልጆቼ አንዷን ለአሜሪካ ኮሌጅ ይዣት ሄድኩ። የትምህርት ማስረጃዋንና የውድድር ሰዓቷን አደራጅተው ለአሠልጣኞች ላኩላት፤ እጃቸው ይባረክ። «እዚያ ሯጭም ደመወዝ ይቆረጥለታል» ማለታቸው ግን አሳዘነኝ። እ.ኤ.አ. በ2025 ፍርድ ቤት ያጸደቀው ስምምነት አንድ ኮሌጅ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለስፖርተኞቹ እንዲከፍል ፈቅዷል፤ አብዛኛው የሚገባው ግን ለአሜሪካን ፉትቦልና ለቅርጫት ኳስ ነው። የተማሪ ቪዛም ሥራ ይገድባል። ይባስ ብሎ ስምምነቱን የተቀበለ ኮሌጅ በአገር አቋራጭ ከ17 ሯጭ በላይ አይዝም። የአሜሪካ መንግሥት እጁን ያስገባ የምለው ለዚህ ነው፦ ሩጫን በሕግ ካልከለለው የኳሱ ገንዘብ ይውጠዋል። ቢሮው ይህን ሁሉ ለወላጅ ከክፍያ በፊት ያስረዳ።