ፕራይቬት ዲኤንኤስ ላይ የማንን ስም እንሙላ? ክላውድፍሌር፣ ኳድ9፣ አድጋርድ እና ኔክስትዲኤንኤስ

ፕራይቬት ዲኤንኤስ እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው አንድሮይድ 9 ጀምሮ ስልኩ ውስጥ አብሮ ይመጣል። ነፃ ነው፣ አፕ መጫን አይጠይቅም፣ ዳታም አይበላም ማለት ይቻላል። ዲኤንኤስ የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይር አገልግሎት ነው፤ የፕራይቬት ዲኤንኤስ ሥራ ደግሞ ስልኩ ያንን አድራሻ ሲጠይቅ ጥያቄውን መቆለፍ ነው። ያለ እሱ ጥያቄው በፖርት 53 (ፖርት የግንኙነት በር ቁጥር ነው) እንደተገለጠ ስለሚሄድ፣ የካፌው ዋይፋይ ባለቤትም ሆነ የቴሌኮሙ ድርጅት ሊያነበው፣ ከፈለገም መልሱን ሊለውጠው ይችላል። በፕራይቬት ዲኤንኤስ ግን ቲኤልኤስ በሚባለው የመቆለፊያ ዘዴ ተቆልፎ በፖርት 853 ይሄዳል።

ሳምሰንግ ላይ ሴቲንግ፣ ኮኔክሽንስ፣ ሞር ኮኔክሽን ሴቲንግስ ብላችሁ ስትገቡ ታገኙታላችሁ። ሌሎች ስልኮች ቦታውን ስለሚቀያይሩት ሴቲንግ ውስጥ ባለው መፈለጊያ «ፕራይቬት ዲኤንኤስ» ብሎ መፈለግ ይቀላል። ሦስት ምርጫ ይመጣል፦ ኦፍ፣ ኦቶማቲክ እና ስም የሚሞላበት። ብዙ ሰው ኦቶማቲክ ላይ ስላየው ብቻ የተጠበቀ ይመስለዋል። ኦቶማቲክ የሚቆልፈው የገባችሁበት ኔትወርክ ዲኤንኤስ ቁልፉን የሚቀበል ከሆነ ነው፤ ካልሆነ ምንም ሳይናገር በግልጽ ይልከዋል። ስለዚህ ሦስተኛውን ምረጡና የመረጣችሁትን የዲኤንኤስ አገልግሎት ስም ሙሉ።

እዚያ ላይ በቁጥር የተጻፈ አድራሻ አይገባም። አራት አንድ በነጥብ ለያይታችሁ ብትጽፉ «ሴቭ» እንደደበዘዘ ይቀራል። ለክላውድፍሌር የሚሞላው «ዋን» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በፊደል አራት ጊዜ፣ በመሃል ሦስት ነጥብ፣ ያለ ክፍት ቦታ ነው። ኪቦርዱ ቃሉን ሲሞላላችሁ ከጎኑ ክፍት ቦታ መጨመር ይወዳል፤ «ሴቭ» እምቢ ካለ መጀመሪያ እሱን ፈልጉ። ፊት ለፊቱ ኤችቲቲፒኤስ መጨመርም አያስፈልግም።

ክላውድፍሌር ፈጣን ነው፣ ምንም አያጣራም፤ ስለዚህ የሚያበላሸው ነገርም የለም። ለልጆች ስልክ «ፋሚሊ፣ ነጥብ፣ ክላውድፍሌር፣ ሰረዝ፣ ዲኤንኤስ፣ ነጥብ፣ ኮም» ብትሞሉ የአዋቂ ገጾችንና ቫይረስ አዘል ገጾችን ይዘጋል። ልጁ ሴቲንግ ገብቶ ማጥፋት ከቻለ ግን ሥራው እዚያው ላይ ያበቃል።

የእኛ ምርጫ ለአብዛኛው ሰው ኳድ9 ነው፦ «ዲኤንኤስ፣ ነጥብ፣ ኳድ9፣ ነጥብ፣ ኔት»፣ ዘጠኙ በቁጥር። ለማጭበርበርና ለቫይረስ የተሠሩ ገጾችን ይዘጋል፣ ማስታወቂያ ግን አይነካም። በየቴሌግራሙ ግሩፕ የሚበተን የሐሰት ሽልማት ሊንክ ለሚጫን ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ ነፃ ነገር አናውቅም። አዲስ የተከፈተ የማጭበርበሪያ ገጽ ዝርዝሩ ውስጥ እስኪገባ ሊያመልጠው ይችላል።

አድጋርድ ማስታወቂያ ይቆርጣል፤ በነፃ ጌሞችና በዜና ገጾች ላይ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል፣ ዳታም ይቆጥባል። የዩቲዩብን ማስታወቂያ ግን አያስቆምም፤ ማስታወቂያውም ቪዲዮውም ከአንድ ቦታ ስለሚመጡ በስም ሊለያቸው አይችልም። ማስታወቂያ አይታችሁ ሳንቲም የምትሰበስቡባቸው ጌሞች «ማስታወቂያ የለም» ይሏችኋል፣ ጉግል ላይ ስፖንሰርድ የሚለው ውጤትም ሲጫኑት አይከፈትም። ይህን የማያውቅ ሰው ስልክ ላይ ሞልቶ መሄድ ጠብ መግዛት ነው።

ኔክስትዲኤንኤስ የሚዘጋውን ራሳችሁ እንድትመርጡ ያደርጋል። ነፃው በወር 300,000 ጥያቄ ነው፤ ካለቀ ኢንተርኔቱ አይቆምም፣ ማጣሪያው ግን ይቆማል። መነካካት ለሚወድ ሰው ጥሩ ነው።

ስም ከሞላችሁ በኋላ ስልኩ ያንን ሰርቨር ካላገኘ ወደ ግልጹ መንገድ አይመለስም፤ ዋይፋዩ ተያይዞ እያለ ምንም ገጽ አይከፍትም። ሆቴልና ኤርፖርት ላይ ስልክ ቁጥር ሙሉ የሚለው ገጽ ካልመጣ ኦቶማቲክ አድርጉት፣ ከገባችሁ በኋላ መልሱት። ፖርት 853ን የሚዘጋ የመሥሪያ ቤት ኔትወርክ ላይ ደግሞ ያለው አማራጭ ኦቶማቲክ ማድረግ ወይም ማጥፋት ነው። ሌላው እኛ አገር የሚያጋጥመው የቀን ነገር ነው። የስልኩን ካላንደር በእኛ አቆጣጠር የሞላ ሰው ስልኩን ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መልሶታል፤ የሰርቨሩ ሰርተፊኬት (የማንነት ማረጋገጫው) «ገና አልጀመረም» ተብሎ ውድቅ ይሆናል። ቀኑን ኦቶማቲክ አድርጉና ለኢትዮጵያ ቀን የካላንደር አፕ ተጠቀሙ። ማጣሪያው አልሠራ ካለ ደግሞ ክሮም ውስጥ «ሴኪዩር ዲኤንኤስ» ላይ የሌላ ድርጅት ስም ተመርጦ እንደሆነ እዩ።

ፕራይቬት ዲኤንኤስ ቪፒኤን አይደለም። የምትገቡበት ገጽ ስም ግንኙነቱ ሲጀመር አብዛኛውን ጊዜ በግልጽ ስለሚታይ ቴሌኮሙ አሁንም ሊያውቀው ይችላል። ዱባይ ያላችሁም የዋትስአፕ ጥሪ በዚህ ይከፈታል ብላችሁ አትድከሙ።

አይፎን ላይ ስም የሚሞላበት ቦታ የለም። ዋይፋይ ውስጥ «ኮንፊገር ዲኤንኤስ» የሚለው ቁጥር ብቻ ይቀበላል፣ አይቆልፍም። ከአይኦኤስ 14 ወዲህ መንገዱ ፕሮፋይል (ሴቲንግ የያዘ ፋይል) ወይም አፕ ነው፦ ፕሮፋይሉን በሳፋሪ አውርዱ፣ ሴቲንግ ገብታችሁ ጫኑት፣ ከዚያ ጄኔራል፣ ቪፒኤን ኤንድ ዲቫይስ ማኔጅመንት፣ ዲኤንኤስ ላይ መመረጡን እዩ። ፕሮፋይል ከዲኤንኤስ ሌላ ሰርተፊኬትና ቪፒኤንም ሊጭን ስለሚችል፣ ቴሌግራም ላይ የተላከላችሁን ሳይሆን ከራሱ ከአገልግሎቱ ገጽ ያወረዳችሁትን ብቻ ጫኑ።