ፒቢኤስ፦ ከታሪክ እስከ ማዕድ

የአሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን ፒቢኤስ ሥርጭት ከጀመረበት ከ1970 እ.ኤ.አ. ወዲህ ካቀረባቸው ዝግጅቶች ሁሉ፣ በእኔ ግምት፣ ሚዛን የሚደፉት የታሪክ ዘጋቢ ፊልሞቹ ናቸው። ኬን በርንስ ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ባዘጋጀውና በ1990 በታየው ተከታታይ ፊልም ካሜራው ባረጁ ፎቶግራፎች ላይ ቀስ ብሎ ያልፋል፤ የመጀመሪያው ክፍል መዝጊያ ላይ ሻለቃ ሱሊቫን ባሉ ከመሞቱ ሁለት ሳምንት ያህል አስቀድሞ ለባለቤቱ የጻፈው ደብዳቤ በቫዮሊን ታጅቦ ሲነበብ፣ አንዳች የውጊያ ትዕይንት ሳይቀርብ የጦርነቱ ሐዘን ተመልካቹ ዘንድ ይደርሳል።

በድራማ ረገድ፣ ከ1971 ጀምሮ የሚተላለፈው ማስተርፒስ በአብዛኛው የብሪታንያ ሥራዎችን የሚያሳይ ሲሆን፣ ትወናውና አልባሳቱ እጅግ የተዋጣላቸው ቢሆኑም የመኳንንት ቤት ጣጣ መደጋገሙ ያሰለቻል። ሙዚቃ ወዳድ ኦስቲን ሲቲ ሊሚትስን ቢመለከት ይረካል፤ ወሬ ሳይበዛበት ዘፈኑ ይቀርብለታል።

ከምግብ ዝግጅቶቹ፣ ትውልደ ኢትዮጵያዊው ማርከስ ሳሙኤልሰን በ2018 የጀመረው ተከታታይ ዝግጅት የስደተኞችን ማኅበረሰብ ከነማዕዳቸው የሚያስተዋውቅ ሲሆን፣ አንዱን ክፍል ለዋሽንግተን ዲሲ ኢትዮጵያውያን ሰጥቷል፤ ነገር ግን ለዚህን ያህል ሰፊ ማኅበረሰብ አንድ ክፍል ብቻ መመደቡ ንፉግነት ነው።