ለከተማ ቤት የቱ ያዋጣል፦ ባትሪ ብቻ፣ ትንሽ ሶላር፣ ትልቅ ሶላር ወይስ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ?

ሶላር ሊገዛ የተነሳ የከተማ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ይፈልጋል። መብራት ሲሄድ ቤቱ እንዳይጨልም፣ የወሩ ሂሳብም እንዲቀንስ። እነዚህን ሁለት ችግሮች የሚፈታው ዕቃ ግን የተለያየ ነው። መብራት ሲጠፋ የሚደርሰው ባትሪ ነው። ሂሳብ የሚቀንሰው ደግሞ ገዢዎች ብዙም የማይጠይቁት የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ነው። በጣሪያ ላይ የሚደረደር ፓኔል ከሁለቱ ቀጥሎ ይመጣል፤ በአንዳንድ ቤት ግን ከሁሉም ይቀድማል። የእርስዎ ቤት የትኛው እንደሆነ በስሌት ማወቅ ይቻላል።

መጀመሪያ ሂሳቡ የት እንደሚሄድ

አዲስ አበባ ውስጥ ያለ፣ ቦይለርና የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጠቀም አንድ ቤት እንውሰድ። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ለአንድ ሰዓት ተኩል ሲበራ በወር 42 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። 1.5 ኪሎዋት ቦይለር በቀን ሁለት ሰዓት ሲሠራ 90 ይደርሳል። ባለ 1.5 ኪሎዋት ስቶቭ በቀን አንድ ሰዓት ከበራ 45 ነው። ፍሪጅ በቀን 1.2 ቢወስድ በወር 36 ይሆናል። አምፖሎቹ፣ ቴሌቪዥኑ፣ የዋይፋይ ራውተሩና ቻርጀሮቹ ተደምረው 33 ቢሆኑ ነው። ጠቅላላው 246 ኪሎዋት ሰዓት ሆነ።

ከዚህ ውስጥ ምጣድ፣ ቦይለርና ስቶቭ ብቻቸውን 177ቱን ይወስዳሉ፤ ከመቶ 72 መሆኑ ነው። ሻጮች «ቤትዎን በሶላር እናንቀሳቅሳለን» ሲሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያገናኙት የቀረውን 69 ብቻ ነው። ስለዚህ ትንሹ ሶላር ሙሉ በሙሉ ቢሳካለት እንኳን ከሂሳቡ ሊነካ የሚችለው ከሦስት እጅ አንዱን አይሞላም።

የሚቀነሰው ኪሎዋት ሰዓት ስንት ብር ያወጣል? የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በፍጆታ እርከን የሚጨምር ነው፤ እርከኑ የሚለወጠው 50፣ 100፣ 200፣ 300፣ 400 እና 500 ኪሎዋት ሰዓት ላይ ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለአራት ዓመት በየሩብ ዓመቱ እንዲሻሻል ተደርጓል። ስለዚህ ከሻጭ ወረቀት ላይ ያለውን የብር ስሌት አይውሰዱ። በአንድ ሩብ ዓመት ውስጥ ያሉ፣ ፍጆታቸው የሚለያይ የሁለት ወር ደረሰኞችን ያውጡ። የብሩን ልዩነት ለኪሎዋት ሰዓቱ ልዩነት ያካፍሉ። የሚያገኙት ቁጥር አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሲቀንሱ በእርግጥ የሚተርፍዎት ገንዘብ ነው። ወርሃዊው የአገልግሎት ክፍያ በዚህ ስሌት ራሱ ይወጣል፤ ፓኔል ቢሰቅሉም ባይሰቅሉም ይከፈላልና።

ለምሳሌ መልሱ 5 ብር ቢሆን፣ 60 ኪሎዋት ሰዓት መቀነስ በወር 300፣ በዓመት 3,600 ብር ይሆናል። የቀረበልዎት ዋጋ 150,000 ብር ከሆነ በሂሳብ ቅነሳ ብቻ ለመመለስ ከ40 ዓመት በላይ ይፈልጋል፤ ፓኔል ራሱ የሚያገለግለው ወደ 25 ዓመት ነው። የራስዎን ቁጥር አስገብተው ይሥሩት። በአንድ ቆጣሪ ብዙ ተከራይ የሚጠቀምበት ግቢ ከፍተኛ እርከን ላይ ስለሚወድቅ ውጤቱ ይለያል፤ እዚያ ግቢ ግን ከሶላር በፊት ቆጣሪ መለየቱን ይጠይቁ።

አራቱ ጎን ለጎን

| | ባትሪና ኢንቨርተር ብቻ | ትንሽ ሶላር | ትልቅ ሶላር | የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ |
|---|---|---|---|---|
| ዋና ዕቃ | 25.6 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ሊትየም፣ 3 ኬቪኤ ኢንቨርተር | ያው፣ ከ2 ባለ 450 ዋት ፓኔል ጋር | 8 ባለ 550 ዋት ፓኔል፣ 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር፣ 5.12 ኪሎዋት ሰዓት ሊትየም | 150 ሊትር ታንከር ከመስታወት ቱቦዎች ጋር |
| መብራት ሲሄድ | አምፖል፣ ቴሌቪዥን፣ ራውተር፣ ፍሪጅ | ያው፣ ቀን ቀን ያለ ገደብ ለማለት ይቻላል | ከዚህም በላይ ስቶቭ፣ በፀሐይ ሰዓት ምጣድ | ሙቅ ውሃ ብቻ |
| በወር ሂሳብ ላይ | ከ20 እስከ 40 ኪሎዋት ሰዓት ይጨምራል | ከ40 እስከ 60 ይቀንሳል | ሥራ ወደ ቀን ከዞረ ከ150 በላይ ይቀንሳል | ከ60 እስከ 80 ይቀንሳል |
| የሚስማማው | ኮንዶሚኒየም፣ ተከራይ | የራሱ ጣሪያ ያለው ግቢ | ቀን ሰው የሚውልበት ቤት፣ የቤት ውስጥ ሥራ | ቦይለር ያለው ማንኛውም ግቢ |

የመጀመሪያው ዓምድ ሂሳብ መጨመሩ ብዙ ገዢዎችን ያስደንቃል። የባትሪንና የፓኔልን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን ኃይል የሚቀይረው ኢንቨርተር ምንም ሳይጫንበት ለራሱ ከ25 እስከ 50 ዋት ይስባል። 50 ዋት ለ24 ሰዓት፣ ለ30 ቀን ሲባዛ 36 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ አንድ ተጨማሪ ፍሪጅ ማለት ነው። ባትሪ መሙላትና መልሶ ማውጣትም ብክነት አለው። ከመግዛትዎ በፊት የዕቃውን ዝርዝር ወረቀት ይጠይቁና ያለ ጭነት የሚወስደውን ዋት ይመልከቱ። ሁለት ተመሳሳይ ዋጋ ያላቸው ኢንቨርተሮች በዚህ እጥፍ ሊለያዩ ይችላሉ።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጣሪያው የጋራ ስለሆነ ያለ ነዋሪዎች ማኅበር ፈቃድ ፓኔል መስቀል ጠብ ያመጣል። ለዚያ ቤት ባትሪ ብቻ መግዛት የሚያሳፍር ምርጫ አይደለም፤ ገንዘብ የሚቆጥብ መስሎት የሚገዛ ሰው ብቻ ነው የሚያዝነው።

ባትሪው፦ ጄል ወይስ ሊትየም

ገንዘቡ በብዛት የሚሄደው እዚህ ነው፤ ስህተቱም የሚበዛው እዚሁ ነው።

ጄል የእርሳስና አሲድ ባትሪ ዓይነት ነው። ሁለት 12 ቮልት 200 አምፒር ሰዓት ጄል ባትሪዎች ተያይዘው 4.8 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛሉ ይባላል። ከግማሽ በታች ከወረዱ ዕድሜያቸው ስለሚያጥር በተግባር የሚጠቀሙበት 2.4 ነው። በዚህ አያያዝ 700 ጊዜ ያህል ቢሞሉና ቢወጡ በዕድሜያቸው የሚሰጡት 1,700 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። 25.6 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ሊትየም ብረት ፎስፌት 2.56 ይይዛል፤ ሰማንያ ከመቶውን፣ 2.05ን፣ መጠቀም ይቻላል። 4,000 ዙር ሲታሰብ ከ8,000 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይሰጣል። ፓኔል ኖሮ ባትሪው በየቀኑ የሚሠራ ከሆነ ሊትየም ዋጋው ሦስት እጥፍ ቢሆን እንኳን ያዋጣል።

መብራት በሳምንት አንዴ ብቻ የሚሄድበት ሰፈር ከሆነስ? በዓመት 50 ዙር፣ በአምስት ዓመት 250 ነው። ያን ጊዜ ጄሉን የሚገድለው ዕድሜ እንጂ ዙር አይደለም፤ የሊትየም ብልጫም ወደ እጥፍ ገደማ ይወርዳል። እዚህ ጄል መግዛት ያስኬዳል። ግን ክብደቱን አይርሱ፤ ሁለቱ ጄል ከ110 ኪሎ ይበልጣሉ፣ ሊትየሙ ከ25 ኪሎ ብዙም አይርቅም። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሰው ይህን ያስብበት።

ምሽቱን ለስድስት ሰዓት መብራት ቢጠፋ፣ ስድስት ባለ 9 ዋት አምፖል ለአምስት ሰዓት 0.27፣ ቴሌቪዥን 0.4፣ ራውተር 0.06፣ ፍሪጅ 0.3፣ በድምሩ 1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ከሁለቱ ባትሪዎች የትኛውም ይበቃል። ሻጭ ከዚህ በላይ ሲያበዛብዎት ለምን እንደሆነ በቁጥር ያስረዳ።

የመኪና ባትሪ በምንም መንገድ አይግዙ። ሞተር ለማስነሳት በአጭር ጊዜ ብዙ አምፒር እንዲሰጥ የተሠራ ነው፤ በየምሽቱ እስከ ግማሽ ከወረደ በወራት ውስጥ ይሞታል።

ኢንቨርተሩና ገመዱ

ፍሪጅ ሲነሳ ለቅጽበት ከመደበኛው አምስት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ይስባል። 150 ዋት የተጻፈበት ፍሪጅ 1 ኪሎዋት ሊጠጋ ይችላል፤ ንጹህ ሳይን ዌቭ (እንደ መስመሩ ኃይል ለስላሳ ሞገድ) ያልሆነ ርካሽ ኢንቨርተር ላይ ደግሞ ኮምፕረሰሩ ይጮሃል፣ ይሞቃል፣ በመጨረሻም ሊቃጠል ይችላል። አዲስ አበባ በአብዛኛው ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ መሆኗም ይታሰብ። ብዙ አምራቾች ከ2,000 ሜትር በላይ የኢንቨርተሩ አቅም እንደሚቀንስ በወረቀታቸው ይገልጻሉ። ስለዚህ 3.5 ኪሎዋት ምጣድ በ5 ኪሎዋት ኢንቨርተር ላይ እያሉ ሌላ ስቶቭ አይጨምሩ።

24 ቮልት ላይ 2.4 ኪሎዋት ሲጫን ከባትሪው ከ110 አምፒር በላይ ይወጣል። ለዚህ 35 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ፣ ባትሪው አጠገብ የተቀመጠ 150 አምፒር ፊውዝ ያስፈልጋል። ቀጭን ገመድ ሲደረግ መጀመሪያ የሚታየው ኢንቨርተሩ «ባትሪ አልቋል» እያለ ያለጊዜው መጥፋቱ ነው፤ ቀጥሎ የገመዱ ላስቲክ ይቀልጣል። በፓኔሉ መስመር ላይ የሚገባው ብሬከር ለዲሲ፣ ማለትም ከፓኔልና ከባትሪ ለሚወጣው ዓይነት ኃይል፣ የተሠራ መሆን አለበት። የኤሲ (የተለመደው የቤት መስመር) ብሬከር የዲሲ ብልጭታን ማጥፋት ስለማይችል ውስጡ ይነድዳል።

በኢንቨርተር የሚሠሩት አምፖሎችና ሶኬቶች የራሳቸው ትንሽ ቦርድ፣ የራሳቸውም ኒውትራል ይኑራቸው። የኢንቨርተሩን መውጫ በግድግዳ ሶኬት ውስጥ ሰክቶ ቤቱን ማብራት ግን ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ኃይሉ ወደ ውጭ መስመር ተመልሶ በምሰሶ ላይ የሚሠራውን ሠራተኛ ይገድላል።

ከተገጠመ በኋላ የሚረሳ አንድ ማስተካከያ አለ። በገበያችን የተለመዱት ኢንቨርተሮች የመግቢያ ቮልቴጅ ላይ ሁለት ምርጫ አላቸው፤ «ዩፒኤስ» ከ170 እስከ 280፣ «ኤፒኤል» ከ90 እስከ 280 ቮልት ይቀበላል። «ኤፒኤል» ላይ ከተተወ የሰፈሩ ቮልቴጅ 120 ሲወርድ ያንኑ ለፍሪጅዎ ያሳልፋል። «ዩፒኤስ» ላይ ያድርጉት። ፓኔል ካለ ደግሞ የኃይል ቅደም ተከተሉ ፀሐይን የሚያስቀድመው መሆኑን ያረጋግጡ፤ ከፋብሪካ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የመንግሥቱን መስመር እንዲያስቀድም ሆኖ ነው፣ ፓኔሉም ጣሪያ ላይ ያለ ሥራ ይውላል።

ባትሪ የሌለው፣ ከመስመር ጋር ብቻ የሚሠራ ኢንቨርተር በርካሽ ቢቀርብልዎት መብራት ሲሄድ እሱም ለደኅንነት ሲባል ራሱን እንደሚያጠፋ ይወቁ። ፀሐይ ወጥታም ቤቱ ያለ ኃይል ይቆያል።

ትልቁ ሶላር የሚያዋጣው ለማን ነው

ስምንቱ ፓኔሎች 4.4 ኪሎዋት ናቸው። በአዲስ አበባ በቀን በአማካይ 5.5 ያህል የሙሉ ፀሐይ ሰዓትና በ25 ከመቶ ብክነት ሲሰላ በቀን 18፣ በወር ወደ 540 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣሉ። ቤታችን የሚፈልገው 246 ነው። ሁሉም ሰው ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ ከሆነ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ኃይል ይባክናል። ትርፉን ለመስመሩ ሸጦ ገንዘብ ማግኘትን በስሌትዎ ውስጥ አያስገቡ። እንጀራ እየጋገረ የሚሸጥ ቤት፣ ክሊኒክ፣ ፀጉር ቤት ወይም የውሃ ፓምፕ ያለው ግቢ ግን ሥራው ከፀሐዩ ጋር ስለሚገጥም በእርግጥ ይጠቀማል። ቀድሞ በጄኔሬተር የሚሠራ ከሆነማ ማወዳደሩም ቀላል ነው። ትንሽ የቤንዚን ጄኔሬተር ከአንድ ሊትር ከሁለት ኪሎዋት ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ የሊትሩን ዋጋ ለሁለት ያካፍሉና ከላይ ካገኙት ቁጥር ጋር ያስተያዩ።

ፓኔሉ ወደ ደቡብ ይዙር፣ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያዘንብል፤ ከዚያ ያነሰ ከሆነ ዝናቡ አቧራውን አያጥብም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ምርቱ ጉልህ ቅናሽ ስላለው ሻጭ የሚያሳይዎት ስሌት በጥር ፀሐይ የተሠራ እንዳይሆን ይጠይቁ።

የፀሐይ ውሃ ማሞቂያው

150 ሊትር ውሃ ከ18 ወደ 55 ዲግሪ ለማሞቅ 6.5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ይህን ያለ ኢንቨርተር፣ ያለ ባትሪ ያደርገዋል። ከአራቱ የሂሳብ ቅነሳ ዋጋው ዝቅ ብሎ የሚገኘው እዚህ ነው፤ ቦይለር ያለው ግቢ በዚህ ይጀምር የምንለውም ለዚህ ነው። በደመናማ ቀን የሚረዳ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በውስጡ ካለ በሰዓት ቆጣሪ ይገደብ፤ ሁልጊዜ ከበራ የድሮውን ቦይለር ጣሪያ ላይ ሰቀሉት ማለት ነው።

የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ በውሃ መጥፋት ምክንያት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ታንከሩ ይደርቃል፣ ባዶው ቱቦ በፀሐይ ይግላል፣ እኩለ ቀን ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲደርስበት ይሰነጠቃል። መፍትሔው ከማሞቂያው ከፍ ያለ ቦታ ላይ የተቀመጠ የውሃ ሮቶ ነው። ሮቶውም ከደረቀ ማሞቂያውን ማታ ወይም ጎህ ሲቀድ ብቻ ይሙሉት።

ከመክፈልዎ በፊት

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የፕሮፎርማ ዋጋ ለጥቂት ቀን ብቻ የሚጸና ሆኗል፤ የሚያበቃበት ቀን ይጻፍበት። የፓኔሉ፣ የባትሪውና የኢንቨርተሩ ዋስትና በየራሱ፣ ከመለያ ቁጥሩ ጋር ይስፈር። ከውጭ ሆናችሁ ለወላጆቻችሁ የምትገዙ ከሆነም ያንኑ ወረቀት በፎቶ አስልኩ። የመጨረሻው ክፍያ ከመሰጠቱ በፊት ገጣሚው ባለበት ዋናው ብሬከር ይጥፋ፣ ፍሪጁ፣ አምፖሎቹና ቴሌቪዥኑ ለሁለት ሰዓት በባትሪ ይሥሩ፣ የባትሪ ገመዶቹ መጋጠሚያም በእጅ ይዳሰስ። የሚያቃጥል ከሆነ ገና አልተጠበቀም ወይም ገመዱ ቀጥኗል።