አቫንዛ፣ ኤርቲጋ ወይስ ራሽ? ለአዳማ ቤተሰብ ባለ 7 ወንበር መኪና

ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ አነስ ያለ ባለ 7 ወንበር የሚፈልግ የአዳማ ቤተሰብ የሚያማርጠው ያገለገሉትን ነው። አዲስ ካሉ ኤሌክትሪክ ነው፤ ከነዚያ ውስጥ ሰባት ሰው የሚይዙት ደግሞ ትንሽ አይደሉም። የቮልስዋገን አይዲ 6 ርዝመት 4 ሜትር ከ88 ነው። ስለዚህ ደላላ ዘንድ የሚቀርቡትን ሦስቱን እንይ፦ ሁለተኛው ትውልድ ቶዮታ አቫንዛ (እስከ 2021 ሞዴል ያለው)፣ ከ2018 ወዲህ የወጣው ሱዙኪ ኤርቲጋ እና ከ2018 ወዲህ ያለው ቶዮታ ራሽ። ሞዴሎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሞተር ላይ ብዙ መከራከር አያስፈልግም። ባለ 1.5 ሊትሮቹ ሦስቱም 104 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ናቸው፣ ቱርቦ የላቸውም፣ የሞተሩን ታይሚንግ የሚያዞረውም ቺንጋ ሳይሆን ካቴና ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትር ከፍታ ከጉልበቱ 1 በመቶ ገደማ ያጣል። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች 104ቱ ወደ 87 ይወርዳል፤ አሰላ ሲደርሱ ደግሞ ወደ 79። ባለ 1.3 ሊትሩ አቫንዛ ከመነሻውም ያንሳል። ለከተማ ውስጥና ለትምህርት ቤት ምልልስ ይበቃል፣ ሰባት ሰው ጭኖ ከዴራ ወደ ኢተያ ለሚወጣ ግን፣ በተለይ አውቶማቲክ ከሆነ፣ አይመከርም። ደላላው «ያው ነው» ቢል አይስሙት። ሞተሩ 1.3 ይሁን 1.5 ሊብሬው ላይ ከተጻፈው ሲሲ ይታያል።

ትልቁ ልዩነት ኃይሉ የሚሄድበት ጎማ ላይ ነው። አቫንዛና ራሽ በኋላ እግር ይነዳሉ፣ ኤርቲጋ በፊት። ሰባት ሰው ሲሞላ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሄዳል። ኮረት በበዛበት አቀበት ላይ የኤርቲጋ የፊት ጎማ ቀለል ስለሚል ባዶውን ይሽከረከራል፣ አቫንዛ ግን የተጫነው ሰው ራሱ የሚነዳውን ጎማ መሬት ያስነክሰዋል። ባዶውን በጭቃ ሲሄድ ነገሩ ይገለበጣል፤ የአቫንዛ ጀርባ ወዲያና ወዲህ ይላል።

የኋላ እግር መንዳት ዕዳም አለው። ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ ክሮቼራ (ዘንጉ እየታጠፈ እንዲዞር የሚያደርግ መገጣጠሚያ) አለው፣ ዲፈረንሻሉ የራሱ ዘይት አለው፣ አክሱ ጫፍ ላይ ዘይት የሚይዝ ላስቲክ አለ። አቫንዛ ሲያዩ ቆሞ እያለ ከሪቨርስ ወደ ፊት ማርሽ አስገቡት፤ ከሥር «ቷ» የሚል ድምፅ ካለ ክሮቼራው ወይም ዲፈረንሻሉ ላልቷል። ከዚያ የኋላውን ጎማ አስወልቁና የፍሬኑን ታምቡር ክፈቱ። የፍሬን ሸራው በዘይት ከረጠበ ላስቲኩ አልቋል ማለት ነው፤ ላስቲኩ ርካሽ ነው፣ ሸራው ግን በዘይት ከራሰ ታጥቦ አይድንም፣ ይቀየራል። ብዙ አቫንዛ በታክሲና በኮንትራት ሥራ ያለፈ ስለሆነ የኋላ ሞላው የተቀመጠ ሊሆን ይችላል። መኪናው ባዶ ሆኖ ከጎን ሲታይ ጀርባው ከፊቱ ካነሰ ሞላው ደክሟል።

የኤርቲጋ ደካማ ጎን ከሥሩ ነው። ከመሬት 18 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው ከፍታው፣ አቫንዛ 20፣ ራሽ 22። ይህ ግን ባዶውን ነው፤ ሰባት ሰው ሲገባ ሞላው ይወርድና የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ሆዱን ይገጫል። የሞተር ዘይት መያዣው ሥር ብረት መከላከያ ካልተገጠመለት ከግዢው ገንዘብ ላይ ለሱ የሚሆን ይተርፍ። ሌላው የሚታየው ከካምቢዮ ወደ ፊት ጎማ የሚሄደው ዘንግ የላስቲክ ኮፍያ ነው። ሲቀደድ ግሪሱ ይወጣል፣ አቧራ ይገባል፣ መሪ እስከ ዳር ጠምዝዘው ሲነሱ «ቀጭ ቀጭ» ይላል። ድምፁ ከመጣ ኮፍያውን ብቻ መቀየር ዘግይቷል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ረድፍ፣ ሰው እያወቀ ወደሚዘለው ጉዳይ። ሾፌሩ ወንበሩን እንደሚነዳበት ያስተካክል፣ ከኋላው አንድ ትልቅ ሰው ይቀመጥ፣ ከዚያ ሌላ ትልቅ ሰው መጨረሻው ወንበር ላይ ይግባ። ጉልበቱ ከአገጩ ጋር ከተገናኘ ያ ወንበር የልጅ ነው። እዚህ ላይ ኤርቲጋ ይበልጣል፦ የመሃሉ ወንበር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለሚንሸራተት ቦታውን መካፈል ይቻላል፤ በፊት ጎማ ስለሚነዳም ከወለሉ ሥር ረጅሙ ዘንግና ትልቁ አክስ የሉም። አቫንዛ ጠባብ ነው፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ66፤ መሃል ላይ ሦስት ወፈር ያሉ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ይጋፋሉ። ራሽ ከውጭ ግዙፍ ቢመስልም መጨረሻው ረድፍ ለአዋቂ አይሆንም። ለአንዳንድ ገበያ ባለ 5 ወንበር ሆኖም ስለተሠራ፣ በፎቶ ብቻ ቀብድ እንዳይከፍሉ።

ኤሲውም የሚፈተሸው ከዚያው ወንበር ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ፀሐይ ላይ ከቆመ በኋላ፣ ሰው ሞልቶ 10 ደቂቃ ይነዳ። የፊተኛው ቀዝቅዞት የኋለኛው የሚያልበው ከሆነ የጣራው ንፋስ ማከፋፈያ አይሠራም ወይም ጋዙ ጎድሏል። ለአዳማ ሙቀት ይህ ትርፍ ነገር አይደለም።

ስለ ጭነት፦ 7 ሰው በአማካይ 65 ኪሎ ቢመዝን 455 ኪሎ ነው። ኤርቲጋ የሚፈቀድለት ጭነት 600 ኪሎ ገደማ ነው። ጓዝ፣ ውሃና ፖርቶ መጋላው ላይ የሚታሰረው ሲጨመር ሞልቷል። ሦስተኛው ረድፍ ተዘርግቶ እያለ አንዳቸውም ከኋላ ጤፍ በኩንታል አያስገቡም። ረድፉ ሲታጠፍ ግን ይለያያሉ፦ የኤርቲጋው ተኝቶ ዝርግ ወለል ይሆናል፣ የአቫንዛና የራሹ ተጠቅልሎ ወደ ፊት ይቆማል። ማዳበሪያና ጆንያ ለሚጭን የኤርቲጋው ይመቻል፤ ረዥም ቁመት ያለው ዕቃ፣ እንደ ትንሽ ፍሪጅ ያለው፣ አቫንዛ ውስጥ ይሻላል፣ ወለሉ ዝቅ ይላልና።

በፈጣን መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ለሚመላለስ ደግሞ ንፋሱ አለ። አዳማ 1 እና አዳማ 2 የንፋስ ማመንጫዎች በድምሩ 204 ሜጋ ዋት የተተከለባቸው በከንቱ አይደለም። ወርዱ ጠባብ፣ ቁመቱ ከፍ ያለው አቫንዛ በ100 ሲነዳ ከጎን ሲመታው መሪውን ይነጥቃል። ኤርቲጋ ከሦስቱ የተረጋጋው ነው።

ነዳጅ፦ ኤርቲጋ በሊትር ከ12 እስከ 14 ኪሎ ሜትር፣ አቫንዛ 11 ወይም 12፣ ራሽ 10 ወይም 11 ገደማ ይሄዳሉ። በወር 1,000 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ በኤርቲጋና በራሽ መካከል 18 ሊትር ያህል ልዩነት አለ። ጎማ ላይም ራሽ ይወደዳል፤ 215/65 አር 16 ወይም 215/60 አር 17 ነው የሚፈልገው። ኤርቲጋና ባለ 1.5ቱ አቫንዛ ብዙ ጊዜ 185/65 አር 15 ይጋራሉ።

ደኅንነት ላይ ራሽ ይሻላል። ባለ 6 ኤር ባጉ ራሽ በአሲያን ኤንካፕ (በደቡብ ምሥራቅ እስያ የመኪና ግጭት ፈተና) 5 ኮከብ አግኝቷል። ህንድ የተሠራውን ባለ 2 ኤር ባግ ኤርቲጋ ግሎባል ኤንካፕ የተባለው የግጭት ፈታኝ ድርጅት በ2024 ለአፍሪካ ገበያ ፈትኖ ለአዋቂ ተሳፋሪ 1 ኮከብ ነው የሰጠው። የፈተናዎቹ ደንብ ስለሚለያይ ኮከቡን በቀጥታ ማወዳደር አይቻልም፤ የኤር ባጉን ቁጥር ግን ከመኪናው ላይ መቁጠር ይቻላል። የመጨረሻው ወንበር ቀበቶዎች ተቆርጠው ወይም ከወንበር ሥር ተቀብረው እንዳይሆኑ አንድ በአንድ ስበው ቆልፏቸው።

በአብዛኛው ከተማ ውስጥና አስፋልት ላይ ሆኖ የመጨረሻውን ረድፍ በየቀኑ ለሚጠቀም ቤተሰብ፣ ከሥር ብረት ያለው ኤርቲጋ ይሻላል። ዘመድ ጥየቃ በየሳምንቱ ጥርጊያ መንገድ የሚያስገባው ባለ 1.5 አቫንዛ ይያዝ። ራሽ የሚገባው አራት ወይም አምስት ሆኖ ለሚኖር፣ ሰባተኛው ወንበር በበዓል ብቻ ለሚያስፈልገው ነው፤ ለከፍታውና ለስሙ የሚከፈለው ጭማሪ በዚያ ብቻ ነው የሚካካሰው።

አንድ ነገር ከመክፈል በፊት፦ በሦስቱም ስኮርታው የሚንጠለጠለው ከውጭ፣ ከሥር ነው። ጓዝ ሳይራገፍ ጎማ መቀየር ስለሚቻል ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ማውረጃው በጭቃና በዝገት ይያዛል። እዚያው ሻጩ ፊት አውርደው መልሰው ይስቀሉት፤ ክሪክና የጎማ መፍቻውም መኖሩን ያረጋግጡ።