ሰሜን ተራሮች ወይስ ባሌ?

ድንኳን ይዞ ለቀናት በእግር መጓዝ ላማረው ሰው፣ ሁለቱም ቦታዎች ድንቅ ናቸው። ግን አይመሳሰሉም።

የሰሜኑ ጉዞ ከደባርቅ ይነሳል። ከዚያ ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ በተባሉ የድንኳን ማረፊያዎች እያለፉ የገደሉን ጠርዝ ይዞ መሄድ ነው። ቁልቁል ሲያዩት ጉልበት ይከዳል! ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ደግሞ ሰው አይፈሩም። በመንጋ ተቀምጠው ሣሩን በጣታቸው እየነጩ ይበላሉ፤ አጠገባቸው ቢቀመጡ ቀና ብለው እንኳ አያዩዎትም። ጨነቅ አካባቢ ዋልያም ይታያል። አቅም ያለው ከ4,500 ሜትር በላይ ወዳለው ራስ ዳሸን ይቀጥላል። ዳገትና ቁልቁለቱ ግን ቀላል አይደለም።

ባሌ ሌላ ዓለም ነው። የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ሆኖ ሳለ ሰፊ ሜዳ ነው፤ እዚህም እዚያም ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል ቆሟል። ቀይ ቀበሮ ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። የፍልፈል ጉድጓድ አይታ ሆዷን መሬት ላይ ለጥፋ ስታደባ መመልከት ራሱ ጉዞውን ያስረሳል። ከአምባው ወደ ደቡብ ሲወርዱ ብርዱ ይቀርና የሐረና ደን ይቀበላል፤ ጥላው ሥር የዱር ቡና ይበቅላል።

ዩኔስኮ ሰሜንን እ.ኤ.አ. በ1978፣ ባሌን በ2023 መዝግቧል። ለእይታ ከሆነ ሰሜን ይበልጣል። ለእንስሳትና ጸጥ ላለ ድባብ ግን ያለ ማመንታት ባሌን እመርጣለሁ። የሌሊቱ ብርድ የትም አይምርም፤ ወፍራም የመኝታ ከረጢት ይያዙ። ከመነሳት በፊትም የአካባቢውን ሰላም ያጣሩ።